የባሽ ስትሪት ልጆችን መሳል፦ ስድስተኛ ሳምንቴ

ሰላም የሥዕል ወዳጆች። ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ በየቀኑ አንድ ሰዓት፣ እርሳስና ወረቀት ይዤ እቀመጣለሁ። የዚህ ወር መምህሬ ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሰዘርላንድ ናቸው። በጥር 2023 (እ.ኤ.አ.) በ89 ዓመታቸው አርፈዋል። እኔ የምማረው ትተውት ከሄዱት ሥዕል ነው።

«ዘ ቢኖ» በተባለው የብሪታንያ የልጆች ኮሚክ (የሥዕል ታሪክ መጽሔት) ላይ «የባሽ ስትሪት ልጆችን»፣ ማለትም በአንድ ክፍል የሚማሩ ዘጠኝ ረባሽ ልጆችን ታሪክ፣ መሳል የጀመሩት በ1962 ነው። ከዚያ በኋላ ስድሳ ዓመት አለፈ፤ እሳቸው ግን ያችን ክፍል አልለቀቁም። ልጆቹን የፈጠሩት ሊዮ ባክሰንዴል ናቸው፣ በ1954። ሰዘርላንድ ሲረከቡ መጀመሪያ የቀዳሚውን አሳሳል ተከተሉ፤ የራሳቸው እጅ ቀስ እያለ መጣ። ይሄ ለእኔ ትልቅ እፎይታ ነው። ስገለብጥ የሚሰማኝ ሐፍረት ለቀቀኝ።

አሁን ወደ ልምምዱ። ዊልፍሪድ የሚባለው አጭሩ ልጅ የሹራቡ አንገት እስከ አፍንጫው ድረስ ይሸፍነዋል። አፍ የለም! ታዲያ መፍራቱን በምን ታሳያለህ? ሃያ ጊዜ ያህል ሳልኩት። ትከሻውን ወደ ላይ ሳነሳው ፈራ። ጣል ሳደርገው ደከመው። ዓይኑን ብዙም አልነካሁትም። ለካስ ትከሻ ይናገራል።

ሰዘርላንድ በ1967 «ቢሊ ዘ ካት» የተባለውን የጀብዱ ታሪክም ስለዋል፤ እዚያ ያለው ሰው የእውነት ሰው ነው የሚመስለው። የባሽ ስትሪት ልጆች ሲሮጡ እግራቸው መሬት የሚይዘው፣ በእኔ ግምት፣ ከዚህ የተነሳ ነው። አካል አሳሳል የሚያውቅ እጅ ሲቀልድም ያስታውቃል። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን የሰው አካል መሳል ጨምሬያለሁ።

ሌላው ሙከራዬ ይኸውላችሁ። ዘጠኙን ልጆች ሳልኩና ውስጣቸውን በጥቁር ቀለም ደፈንኩት። ጥላ ብቻ ቀረ። ከዚያ ወረቀቱን ለታናሽ እህቴ ሰጠሁና «ማን ማን ነው?» አልኳት። በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ለየች። ትናንት ሰባት። ረጅሙን ፕላግን ወዲያው አወቀችው። ያስቸገሯት መንትዮቹ ቱትስና ሲድኒ ናቸው።

ቅዳሜ ዘጠኙንም ከነመምህራቸው በአንድ ሳጥን ውስጥ እሞክራለሁ። ሥዕሉን እለጥፈዋለሁ፤ ቱትስ የትኛዋ እንደሆነች ንገሩኝ።