ዴይኬር ስትመርጡ ስለ ቴሌቪዥኑ ጠይቁ

ልጃችሁን ዴይኬር ልታስገቡ ከሆነ ይሄን ቀድማችሁ አንብቡልኝ። ስለ ምግቡ፣ ስለ ንጽሕናው፣ ስለ ሞግዚቶቹ ጠባይ የማይመክር ሰው የለም። ልጅህ ቀኑን ሙሉ ምን ስትሰማ እንደምትውል ጠይቅ ያለኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ስንት ንዴት በቀረልኝ።

ልጃችን ሙዚቃ ወዳድ ናት። ይሄን ያወቅነው ገና ሶፋ ይዛ መቆም ስትጀምር ነው። ችክችካ ከተከፈተ እጇ ሶፋውን እንደያዘ ትከሻዋ ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል። ማንም አላስተማራትም። እኛ ያደረግነው ቀላል ነገር ነው፤ ከመርካቶ ትንሽ ስፒከር ገዛን፣ ዘፈኖቹን ፍላሽ ላይ ጫንን፣ ስልኩን ከዓይኗ አራቅን። የሕፃናት ዘፈን ብለን ለይተን ያመጣነው የለም። ሳሎን የሚከፈተው እኔና እናቷ የምንወደው ነው። በዚህ ብዙ ወላጅ አይስማማኝም፤ እኔ ግን ልጅ የሚወደው ቤተሰቡ ከልቡ ሲደሰትበት ያየውን ነው ባይ ነኝ።

ዓመት ከምናምን ሲሆናት ምርጫዋ እየለየ መጣ። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላውን በሳክስፎን ሲለቀው ጉርሻዋ አፏ ውስጥ እያለ ማላመጧን ታቆማለች። ስፒከሩን ታያለች፣ እኔን ታያለች፣ እንደገና ስፒከሩን። የአስናቀች ወርቁ ክራር የመኝታ ሰዓት ነው። ፈጣን የሰርግ ዘፈን ሲያልቅ «ደመ!» ትላለች፣ ድገም ማለቷ ነው። ዝግ ያለ ትዝታ ስንከፍት ግን ትነጫነጫለች፣ እኛም አንጫናትም። በቡሄ ልጆች በር ላይ ሲጨፍሩ ማማሰያ ይዛ ወጥታ ወለሉን ከእነሱ እኩል ስትመታ እናቷ አልቅሳለች።

ከዚያ የእናቷ የወሊድ ፈቃድም፣ ያለ ደመወዝ የወሰደችው ፈቃድም አለቀ። ዴይኬሩ ለቢሮ ቅርብ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ሞግዚቶቹም ደጎች ናቸው። ምዝገባው፣ የክትባት ካርዱ፣ ፎቶው ወዲያው ተጠናቀቀ።

ብዙም ሳይቆይ ልጄ ተለወጠችብኝ። ማታ ስፒከሩን ስከፍት ታለቅሳለች። ሳክስፎኑን ብለቅላት ጆሮ አትሰጠውም። ስፒከሩን አንስታ ከፊት ታየዋለች፣ ገልብጣ ከኋላ ታየዋለች፣ ምስል ስታጣበት ትወረውረዋለች። ከዚያ ጣቷን ወደ ስልኬ ትቀስራለች። የምትፈልገው እየተንቀሳቀሰ በእንግሊዝኛ የሚዘፍን ካርቱን ነው። እኛ ቤት እንደዚህ ዓይነት ነገር ተከፍቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁና ሳልደውል ሄድኩ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፣ ድምፁ ከግቢው በር ይሰማል። ልጆቹ ከሥሩ አፋቸውን ከፍተው ተደርድረዋል። አብሮ የሚዘፍን የለም፣ የሚጨፍር የለም። ያቺ ትከሻዋ አላርፍ የሚላት ልጄ እንደ ድንጋይ ተቀምጣለች። ሞግዚቷን ሁልጊዜ እንደዚህ ነው ወይ ስላት «ሲተኙ እናጠፋዋለን» አለችኝ።

ኃላፊዋ ጋ ገባሁ። በትሕትና ነው የጀመርኩት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን እንደማይመከር፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ነገርኳት። «አባቷ፣ ወላጅ የሚከፍለን እኮ ልጁ እንግሊዝኛ እንዲለምድለት ነው። እስካሁን ቅር ያለው ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት» አለችኝ። ድምፁንስ ብትቀንሱት? «ካልጮኸ አያዩትም።» እሺ፣ ከበሮ በራሴ ገንዘብ ገዝቼ ላምጣላችሁ አልኩ። ከበሮ ጫጫታ ነው፣ ጎረቤት ይከሰናል አለች። ያን ስትል ከኋላዋ ቴሌቪዥኑ እየጮኸ ነበር። ደሜ ፈላ።

ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮም ሄጃለሁ። ሰውየው ስለ ክፍሉ ስፋት፣ ስለ ሽንት ቤቱ፣ ስለ አጥሩ ጠየቀኝ። እነሱ ደህና ናቸው አልኩት። «ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?» አለኝ። ስነግረው ቅጹ ላይ ስለ ቴሌቪዥን የሚል ቦታ የለም ብሎ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። የልጅ ጆሮ የማንም ጉዳይ አይደለም ማለት ነው?

እንግሊዝኛ ጠልቼ አይደለም። ሃነን እና ትሬሃብ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት የሰሜን አሜሪካ ሕፃናትን የባልካን ዘፈን አሰሟቸው። የስድስት ወሮቹ ያ እንግዳ ምት ሲበላሽ ያውቁታል። ዓመት የሞላቸው ግን ጆሯቸው የአገራቸውን ምት ስለለመደ አይለዩትም። ቤታቸው ለሁለት ሳምንት ያህል ሲሰሙት እንደገና ለዩት፤ አዋቂዎቹ ግን ያን ያህል ሰምተውም አልሆነላቸውም። ማለትም ይሄ ዕድሜ ልጅ ምት የሚለምድበት ዕድሜ ነው። የእኛን ችክችካ ጆሮዋ በቀላሉ በሚቀበልበት ጊዜ ልጄ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት የኮምፒውተር ምት ሲጋታት መዋሏ ነው ያንገበገበኝ።

አስወጣኋት። አሁን ያለችው አንዲት እናት በቤታቸው የሚይዟቸው ጥቂት ልጆች ጋ ነው። መንገዱ ይርቃል፣ የእንግሊዝኛ ፊደል ግድግዳው ላይ የለም፣ ቴሌቪዥንም የለም። ሴትየዋ ሽንኩርት እየላጡ ያንጎራጉራሉ፣ ሲያስተኟቸው እሹሩሩ ይላሉ።

ቤት ውስጥ መመለሱ ግን ጊዜ ወስዷል። ሐኪሟ ስክሪን የሚባል በአንዴ ይቁም ብላን ነበር። አላደረግነውም፣ ባለማድረጋችንም ደስ ይለኛል። ካርቱኑን አቆምን፤ በምትኩ ማታ ማታ የእስክስታ ቪዲዮ እከፍትና ስልኩን መደርደሪያ ላይ አቁሜ ከፊቷ ቆሜ እጨፍራለሁ። መጀመሪያ ስልኩን ብቻ ነበር የምታየው። ቀስ በቀስ እኔን ማየት ጀመረች። ከዚያ ትከሻዋ ተነሳ። ያኔ ስልኩን ገልብጬ ድምፁን ብቻ ተውኩት፣ እሷም አልጠየቀችውም። ዝም ብላችሁ ብትነጥቁ ልቅሶ ብቻ ነው የምታተርፉት፤ መመሪያ የሚጽፉት ሰዎች ማታ አብረዋችሁ አያድሩም።

የዴይኬሩን የእንግሊዝኛ ዘፈን ገላዋን ስትታጠብ እስከ ዛሬ ትዘፍነዋለች። ትዝፈነው፣ የራሷ ነው።

ለምዝገባ ስትሄዱ ጠዋት፣ በቀጠሮ አትሂዱ። ከምሳ በኋላ ድንገት ግቡና በር ላይ ቆማችሁ አዳምጡ። ለቤት ደግሞ ከስፒከሩ በፊት ከበሮ ግዙ። ንዋያተ ቅድሳት የሚሸጥባቸው ሱቆች ትናንሽ ከበሮ አይጠፋም። ቆዳ የተወጠረበት ይሁን እንጂ ፕላስቲክ እንዳትገዙ። ከበሮ አንዱ አፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ስለሆነ ድምፁ ይለያያል፤ ልጄ ይሄን በራሷ ደርሳበት ወፍራሙን «አባባ»፣ ቀጭኑን «ሚሚ» ትለዋለች። ስትገዙ ሁለቱንም አፍ መትታችሁ ሞክሩት፣ ዋጋውንም ተከራከሩ።