ዴዊ ቢያሸንፍ ኖሮ አለቃችን የት ነበሩ?

የእሁድ ጠዋት የሬዲዮ ፕሮግራማችን ላይ ስፖንሰር ጥሎን ሄደና የአየር ሰዓት ተረፈ። ክፍተቱን ሙላ ተባልኩ። ያቀረብኩት ሐሳብ ቀላል ነው፤ በ1940ዎቹና በ50ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የወጡ የጋዜጣ ርዕሶችን እያነሱ «ይሄ እንዳለ እውነት ቢሆን ምን ይከተል ነበር?» እያሉ መቀለድ። ሐሳቡ ጸደቀ። ስክሪፕቱ ግን በአለቃችን እጅ ማለፍ አለበት። አለቃችን ደግሞ ቀይ እስክሪብቶ አላቸው።

የዚያ እስክሪብቶ ሥራ አንድ ነው፤ ኅዳግ ላይ «ምንጭ?» ብሎ መጻፍ። ለዜና ጥሩ ልማድ ነው፣ አልክድም። እሳቸው ግን የመልካም ልደት መልእክት ላይም ጽፈውታል።

መጀመሪያ ያነሳሁት ሮዝዌልን ነበር። ጁላይ 8 ቀን 1947 የኒው ሜክሲኮዋ ትንሽ ከተማ ጋዜጣ፣ ሮዝዌል ዴይሊ ሪከርድ፣ በአካባቢው ያለው የአየር ኃይል ሰፈር አንድ የከብት እርባታ ላይ በራሪ ሳህን መያዙን በትልቁ አወጣ። ወዲያው ደግሞ ነገሩ የአየር ጠባይ መለኪያ ባሉን ነው ተባለ። እኔ ባሉኑን ተውኩትና ሳህኑን እውነት አደረግሁት። መንጃ ፈቃድ የሌለው ሹፌር፣ ሰሌዳ የሌለው ተሽከርካሪ፣ የፓርኪንግ ሒሳብ የሚጠይቅ ከብት አርቢ፣ «ዕቃ ነው ወይስ እንግዳ?» እያሉ የሚከራከሩ ጉምሩኮች። ከላይ እስከ ታች ቅጥፈት። አለቃችን አንዲት ፊደል ሳይነኩ አሳለፉት።

ገርሞኝ ጠየቅኋቸው።

«ይሄማ መግለጫ አለው» አሉ። «የጦር ሰፈሩ ራሱ ነው ያወጣው።»

እውነታቸውን ነው። መግለጫው ወጥቷል።

ሁለተኛው የቺካጎ ትሪቡን ነበር። ኖቬምበር 3 ቀን 1948፣ «ዴዊ ትሩማንን አሸነፈ»። ምርጫው የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ምርጫ ነው፤ ትሩማን በሥልጣን ላይ ያለው ፕሬዝዳንት፣ ዴዊ የሪፐብሊካኖቹ ዕጩ። በሙያው ያለ ሰው ታሪኩን ያውቀዋል። የፊደል ለቃሚዎቹ አድማ ላይ ናቸው። ገጹ በታይፕ ተመትቶ ነው ወደ ማተሚያ የሚሄደው፤ ስለዚህ ከወትሮው ብዙ ሰዓት ቀድሞ ማለቅ አለበት። ድምፁ ገና ተቆጥሮ አላለቀም። የዋሽንግተኑ ዘጋቢ አርተር ሄኒንግ፣ ስንት ምርጫ ያየ አንጋፋ፣ ዴዊ ነው አለ። 150,000 ያህል ቅጂ ወጣ። ትሩማን በወኪል መራጮች ድምፅ 303 ለ189 አሸነፈ፤ ሴንት ሉዊስ ባቡር ጣቢያ ላይም ጋዜጣውን ወደ ላይ ይዞ እየሳቀ ፎቶ ተነሳ። (ሰዓት ደርሶበት የማያውቅ ሰው አብሮ ይሳቅ። እኔ ሄኒንግ ያሳዝነኛል።)

ታዲያ ትሪቡን ልክ ቢሆንስ? ዴዊ ቃለ መሐላ ይፈጽማል። ትሩማን ሚዙሪ ይገባል። በጃንዋሪ 1949ኙ የቃለ መሐላ ንግግሩ ያነሳው አራተኛው ነጥብ ሳይነበብ ይቀራል። ፖይንት ፎር፣ ከዚያ ነጥብ የተወለደው የአሜሪካ የቴክኒክ እርዳታ ፕሮግራም፣ የለም ማለት ነው። ፖይንት ፎር ከሌለ የእርሻ ኮሌጅ ሊያቋቁሙልን የመጡት የኦክላሆማ መምህራን እዚያው ኦክላሆማ ይቀራሉ፤ የአለማያ እርሻ ኮሌጅም የለም። አለማያ ከሌለ ደግሞ የኛ አለቃ፣ በየስብሰባው «እኔ በሙያዬ አግሮኖሚስት ነኝ» ብለው የሚጀምሩት፣ ዛሬ ሱቅ ከፍተው ለደንበኛው ሁሉ «ይሄ መቶ ብር ምንጩ ምንድን ነው?» ይሉ ነበር።

ያቺን መስመር ወድጃት ነበር። ቢሯቸው አስጠሩኝ።

«አንተ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«የቱን?»

«ሱቅ መክፈቴን።»

«አልከፈቱም እኮ። የሚከፍቱት ዴዊ ካሸነፈ ነው።»

«ዴዊ አላሸነፈም።»

«ለዚህ ነው ያልከፈቱት።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ ለምን ተጻፈ?»

«ቀልድ ነው።»

«የቀልዱ ምንጭ ማን ነው?»

«እኔ።»

«አንተ ምንጭ አትሆንም። አንተ ጸሐፊ ነህ።»

ይሄንን የተናገሩት በቁጣ አይደለም። ሕፃን ልጅ ኤሌክትሪክ ሲነካ እንደሚመከረው ረጋ ብለው ነው። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ። ከዚያ ወንበራቸውን ሳብ አደረጉና ጨመሩ። «ደግሞ አለማያ ዴዊ ቢመረጥም ይከፈት ነበር። የኦክላሆማው ኮሌጅ ፕሬዝዳንት፣ ቤኔት፣ እዚህ ድረስ መጥተው ከጃንሆይ ጋር ተነጋግረዋል። ጃንሆይ ቆርጠው ነበር።»

ቤኔትን የፖይንት ፎር ኃላፊ አድርጎ የሾመው ትሩማን ራሱ መሆኑን አነሳሁ። «ዴዊም ይሾማቸው ነበር» አሉ። ቀይ እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ፣ እጄ አጠገብ ነበር። አልነካሁትም። ደመወዝ ሊወጣ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

ሳህኑ ተላለፈ፣ ሱቁ ተቆረጠ።

በዚያው ሰሞን የአንድ ድልድይ ምረቃ ነበር። ማህተም ያለበት መጥሪያ ደርሶናል፣ የክብር እንግዳው ንግግርም ቀድሞ ተልኮልናል። ምንጭ ከተባለ ከዚህ በላይ ምንጭ የለም። አለቃችን ዜናው በዋዜማው ተቀርጾ እንዲያድር አዘዙ። «በደማቅ ሥነ ሥርዓት ተመረቀ።» ቴክኒሺያናችን ደግሞ ሥራ ይወዳል፤ ከማኅደር ጭብጨባ አውጥቶ ጨመረበት። በነጋታው ዝናቡ መንገዱን ዘጋው፤ የክብር እንግዳውም ቀሩ። ዜናው ግን በሰዓቱ ሄደ። ሪፖርተራችን ጃንጥላ ሥር ቆሞ፣ ጥብጣቡ ሳይቆረጥ፣ የሕዝቡን ጭብጨባ በስልኩ ሬዲዮ ሰማ።

ከሰዓት በኋላ አስጠሩኝ። ማስተባበያውን እኔ ልጽፍ ነው።

«ይቅርታ ልበል?» አልኳቸው።

«የምን ይቅርታ? ‹በጣለው ከባድ ዝናብ ምክንያት ምረቃው ለሌላ ጊዜ መተላለፉ ታወቀ› በል። በቃ።»

«የቀኑን ዜና አናነሳም?»

«የትኛውን ዜና?»

እንዳሉት ጻፍኩ። የዜና ቅጹ ላይ ምንጭ የሚል ሳጥን አለ፤ እዚያ ላይ «ዝናቡ» ብዬ ሞላሁና ሰጠኋቸው። አነበቡት። ቀና ብለው አዩኝ። «ዝናብ ምንጭ አይሆንም» አሉና ሰርዘው፣ በቀዩ «ከስፍራው የተገኘ መረጃ» ብለው ጻፉበት።