ሐኪሙ አዲስ አበባ፣ ክኒኑ ደሴ

ደሴ ተቀምጬ አዲስ አበባ ካለ የአእምሮ ሐኪም ጋር በስልክ መታከም ከጀመርኩ ዓመት አልፎኛል። ሐኪም ማፈላለጉ፣ ቀጠሮ መያዙ፣ በቴሌብር መክፈሉ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሰውን የሚያንከራትተው የመድኃኒት ማዘዣው ነው።

እኛ ዘንድ ጭንቀት በስሙ አይጠራም። ራስ ምታቱ ታይፎይድ ይባላል፣ ማቃጠሉ ጨጓራ፣ የልብ ምቱ ግፊት፤ የተረፈው ደግሞ «ቀልቡ ተገፏል» ነው። እኔም ዊዳል በሚሉት የደም ምርመራ ሁለት ጊዜ የታይፎይድ መድኃኒት ውጬ ጨርሻለሁ። የዊዳል ውጤት ብቻውን ታይፎይድ ለመኖሩ ማረጋገጫ እንደማይሆን የነገረኝ አልነበረም። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ወሎ ውስጥ በብዙ ቤት የገባው ነገር ግን ምልክቱ የታወቀ ነው። ያዩት መከራ በቅዠትና በድንገተኛ ትዝታ ይመላለሳል፤ የሚያስታውስ ቦታና ወሬ ይሸሻል፤ ሰውም ራስም ይጠላል፤ በር ሲንኳኳ ሰውነት ይዘላል። ይህ ሁሉ ከወር በላይ ቆይቶ ኑሮን ሲያውክ ድኅረ አደጋ ጭንቀት ይባላል። ወር ያልሞላው ስሙ ሌላ ነው፤ ብዙ ሰው ላይም በራሱ ጊዜ ይረግባል። ፍቺን ወይም ከሥራ መባረርን ተከትሎ የሚመጣው ደግሞ ክኒን ጭራሽ ላያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙን መድኃኒት ከመጠየቅ በፊት የጀመረበትን ቀን ንገሩት።

ከቀጠሮው በፊት ሁለት ሳምንት ደብተር ያዙ፦ የተኛችሁበት ሰዓት፣ የቅዠቱ ብዛት፣ የቡናው ስኒ፣ ጫት ካለም ጫቱ። ጫት ደብቆ ስለ እንቅልፍ ማጣት ማማረር ሐኪሙን ማሳሳት ነው። የእንቅርት ዕጢና የደም ማነስ ምርመራ እዚሁ ከተማ አሠርታችሁ ውጤቱን በቴሌግራም ላኩ፤ ሁለቱም ጭንቀትና ድካም መስለው ይመጣሉ።

ሁልጊዜ በቪዲዮ ይሁን ይባላል፤ አልስማማም። የመጀመሪያው ቀን ሐኪሙ ፊታችሁን ይይ፤ ከዚያ በኋላ በሚቆራረጥ ምስል 40 ደቂቃ ከመሰቃየት ተራ የስልክ ጥሪ ይሻላል። መስመር ሲቋረጥ ማን መልሶ እንደሚደውል ቀድማችሁ ተስማሙ፤ አለዚያ ሁለታችሁም ስትደውሉ ሁለታችሁም ተይዟል ይላችኋል። ያላችሁበትን ሰፈር፣ ቅርብ ያለውን ሆስፒታልና የአንድ ዘመድ ስልክ ለሐኪሙ ስጡት። «ራስህን ስለማጥፋት ታስባለህ?» ሲል አትዋሹት። ክፉ ቀን ቢመጣ እሱ ከ400 ኪሎ ሜትር ላይ አይደርስላችሁም፤ የሚደርሰው ዘመዱ ነው።

አሁን ወደ ማዘዣው። የታዘዘልኝ ሰርትራሊን የሚባል የጭንቀትና የድብርት መድኃኒት ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት 25 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ 50፣ ጠዋት ከቁርስ ጋር። አንድ ስትሪፕ 10 ፍሬ፣ ለወር ሦስት ስትሪፕ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ወንድሜ ከአዲስ አበባ ይዞልኝ ስለሚመጣ ችግሩ አልታየኝም። የእኛ ወር 30 ቀን፣ ክኒኑም 30፤ ነሐሴ 1 ጀምሬ ነሐሴ 30 አለቀ። ቀጠሮዬ መስከረም 3 ነበር። ጳጉሜንን የቆጠረ የለም! እኔም፣ ሐኪሙም።

ሐኪሙ ማዘዣውን ጽፎ ፎቶውን ላከልኝ። አንዱ መድኃኒት ቤት «ወንድሜ፣ ፎቶ አንቀበልም፤ ዋናውን ከነማህተሙ አምጣ» አለኝ። ሁለተኛው ያንኑ ደገመው። ደንቡ ልክ ነው እንበል፤ አንድ ፎቶ አሥር ቦታ ሊያስገዛ ይችላል። የሚያንገበግበኝ ሦስተኛው ነው፤ ወረቀት የሚባል ሳይጠይቅ ሸጠልኝ። ግን እስከዚያ አምስት ቀን አልፎ ነበር። በሦስተኛው ቀን ራሴ ይዞር ጀመር፤ ዓይኔን ሳዞር ጭንቅላቴ ውስጥ ኮረንቲ የነካኝ ያህል ይነዝረኛል፤ ቤተሰቡ ሕመሙ ተነሣበት ብሎ ተደናገጠ። ሰርትራሊን በአንዴ ሲቋረጥ እንዲህ ያደርጋል። ቀስ በቀስ በሐኪም ምክር ካልሆነ በቀር አይቆምም።

የተሸጠልኝ ደግሞ 100 ሚሊ ግራም ኖሯል። ሻጩ አልነገረኝም፤ እኔም ፊደል የቆጠርኩት ሰውዬ ካርቶኑን አላነበብኩም። ሙሉውን ዋጥኩ፤ ሌሊቱን ሆዴ ሲገለባበጥና ስንቆራጠጥ ነጋ።

መፍትሔው ይህ ነው። ገና ሕክምናው ሳይጀመር በአካባቢያችሁ ሆስፒታል ካርድ አውጡና የሳይካትሪ ነርሷን ወይም ሐኪሙን ተዋወቁ። ከአዲስ አበባው ሐኪም ምርመራውን፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን የያዘ ደብዳቤ በዋና ቅጂው፣ በማህተም፣ በሹፌር አስልኩ። ነርሷ ያንን አይታ በራሷ ማዘዣ ትጽፋለች። አንዳንዱ «እዚያ ከታከምክ እዚያው ግዛ» ብሎ ያመናጭቃል፤ ታግሣችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ስትገዙ ስሙን ብቻ ሳይሆን ሚሊ ግራሙን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ያመለጠን ለማካካስ ደርባችሁ አትዋጡ።

ጎረቤት «ለእንቅልፍ» ብሎ የሚያቀብለውን ዳያዜፓም ተዉት፤ ልማድ ይሆናል፣ ቅዠቱንም አያድንም። ጠበልም ሆነ ወዳጃ (የወሎ የጋራ ዱዓ) ሂዱ፣ እኔም እሄዳለሁ፤ ክኒኑ ግን ኪስ ውስጥ ይሁን። ሰርትራሊን ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት ማቅለሽለሽ አያስቁማችሁ።

ዘንድሮ ለነሐሴ የገዛሁት አራት ስትሪፕ ነው፤ 30 ለነሐሴ፣ 5 ለጳጉሜን፣ 5 ለሚጠፋው ሹፌር።