የገመዱ መዘግየት

ከሰው መልስ የምጠብቅበት አንድ ጉዳይ ዛሬም መልስ አላገኘም፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላውን ሥራ የያዝኩ መስዬ፣ ምንም ሳልሠራ አሳለፍኩት። መጠበቅ የማይችል ሰው እንዲጠብቅ ሲገደድ ሐሳቡ ወዴት እንደሚሸሽ አይታወቅም፤ የእኔው ወደ ቻሌንጀር ሸሸ።

ቻሌንጀር እ.ኤ.አ. በ1872 መጨረሻ ከእንግሊዝ ተነሥታ በ1876 የተመለሰች የጦር መርከብ ናት፤ አብዛኞቹ መድፎቿ ወርደው በምትካቸው ቤተ ሙከራ ተሠርቶባታል። የውቅያኖስ ጥናት ከእርሷ ጉዞ ይጀምራል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔን የሚገርመኝ ግን ጥልቀት የለካችበት መንገድ ነው። ከባድ ብረት የታሰረበት ገመድ ወደ ባሕር ይለቀቃል፤ በገመዱ ላይ በእኩል ርቀት ምልክቶች አሉ፤ አንድ ሰው ሰዓት ይዞ እያንዳንዱ ምልክት ውኃ የገባበትን ጊዜ ይመዘግባል። ብረቱ ወለሉን ሲነካ ገመዱ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ የራሱ ክብደት ስለሚጎትተው መውረዱን ይቀጥላል። በሁለት ምልክቶች መካከል ያለው ጊዜ በድንገት ሲረዝም ያን ጊዜ ነው ወለሉ የተገኘው። በመጋቢት 1875 በምዕራብ ፓስፊክ፣ ከማሪያና ደሴቶች አጠገብ፣ በዚህ ዘዴ ከ8,000 ሜትር በላይ ለክተዋል።

ከዚያ በፊት የተፈጥሮ ተመራማሪው ኤድዋርድ ፎርብስ ከ550 ሜትር ገደማ በታች ሕይወት የለም የሚል ግምት አቅርቦ ነበር፤ የቻሌንጀር መረብ ከዚያ እጅግ ከጠለቀ ስፍራ ሕይወት ያላቸውን ፍጥረታት ደጋግሞ አወጣ። ከወለሉ የወጣች እፍኝ ጭቃ በመርከቧ ላይ ለነበሩት ሳይንቲስቶች ለዋይቪል ቶምሰንና ለጆን መሪ የዓመታት ሥራ ነበረች፤ ሪፖርቱ 50 ቅጽ ሆኖ የተጠናቀቀው በ1895 ነው። ገመዱን ለሚስቡት መርከበኞች ግን ጭቃ ጭቃ ነው። በየወደቡ እየጠፉ የቀሩት ብዙዎች ቢሆኑ አልፈርድባቸውም።

እነርሱን ሳስብ የባሕር ወለል ካርታ ሠሪዋ ማሪ ታርፕ ትመጣብኛለች። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሴት ስለሆነች ብቻ በምርምር መርከብ መሳፈር ተከልክላ፣ ሌሎች በድምፅ ሞገድ የለኩትን ጥልቀት ጠረጴዛዋ ላይ አንድ በአንድ ስትስል፣ በአትላንቲክ መካከል በሚያልፈው የተራራ ሰንሰለት አናት ላይ ስንጥቅ ሸለቆ አየች። የሥራ ባልደረባዋ ብሩስ ሂዘን መጀመሪያ «የሴቶች ወሬ» ብሎ አጣጣለው፤ የመሬት መንቀጥቀጥ የተከሰተባቸው ነጥቦች ሸለቆውን ተከትለው ተሰልፈው እስኪገኙ ድረስ። ባሕሩ ላይ የነበረው ተሰላችቶ ጠፋ፤ እንዳትሳፈር የተከለከለችው ወለሉን አየች። ታዲያ ለማወቅ የሚበጀው ቅርበት ነው ወይስ ርቀት? እስካሁን አልወሰንኩም።

ራሴን ከታርፕ ጋር ብቆጥር ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን በመጀመሪያው ወደብ ከመርከብ ጠፍቶ፣ የቀረ ዕድሜውን በየመጠጥ ቤቱ ስለ ጥልቁ ባሕር ለሰው ሲያስተምር የኖረ አንድ መርከበኛ ከነበረ፣ እርሱ ይበልጥ ይመስለኛል።