ስድስት ስድስት ጣሳ

ባለቤቴ እሁድ ጠዋት ለቅሶ ልትደርስ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች። «ያቺ ቢጫ ጀሪካን የመጨረሻችን ናት። ውሃ እስከ ማክሰኞ አይመጣም። እንዳትነካት።» የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ 4ኛ ፎቅ ነው። 20 ሊትር ውሃ በደረጃ ተሸክሞ ያወጣ ሰው ማስጠንቀቂያ አያስፈልገውም።

እኔም ባልነካኋት ነበር። ጥፋቱ ማታ ስልኬ ላይ ስለ ልጆች አስተሳሰብ ሳነብ ማምሸቴ ነው። ዣን ፒያዤ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ተመራማሪ ነበር። በሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆዎች እኩል ውሃ ይቀዳና አንዱን ረጅምና ቀጭን ዕቃ ውስጥ ይገለብጠዋል። ከዚያ «የቱ ይበልጣል?» ነው። ከ7 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙን ይመርጣሉ። ያውም ሲገለበጥ በዓይናቸው እያዩ!

የ5 ዓመት ሴት ልጅና የ6 ዓመት ወንድ ልጅ ቤቴ ተቀምጠው ዝም ልበል? ሁለት ብርጭቆ ብቻ ቀዳሁ። ሁለት ብርጭቆ ምን አላት? አንዱን የባለቤቴ የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ገለበጥኩት።

«ረጅሙ ይበልጣል!» አለች ሚጣ።

«ሰፊው ነው እንጂ! አታይም፣ ሰፊ እኮ ነው!» አለ ማሙሽ።

የጎረቤት ልጅም ጩኸቱን ሰምቶ ገባ። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን ያነበብኩት በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጄኔቭ ውስጥ እነ ዊለም ዱዋዝና አን-ኔሊ ፔሬ-ክሌርሞን የሚባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈተና ለልጆች በጋራ ሰጥተው ነበር። ብቻቸውን ያልገባቸው ልጆች ሲከራከሩ የተሻለ መልስ ላይ የሚደርሱበት ጊዜ አለ። ተከራካሪዎቹ ሁሉ ተሳስተው ቢጀምሩ እንኳ።

«ተመካክራችሁ ወስኑ» ብዬ ዳቦ ልገዛ ወረድኩ።

ስመለስ ከበሩ ውጭ ሆኜ አዳመጥኩ። ጉባኤው ደርቷል።

«ጀበናው ሆዳም ነው። ብዙ ይበላል።»

«አንገቱ ግን ቀጭን ነው።»

«ቀጭን ከሆነ ለምን ሞላ?»

«ስለጠጣ።»

ከባድ ነጥብ ነበር መሰለኝ፣ ለአፍታ ሁሉም ዝም አሉ። ጀበና ከየት መጣ ብዬ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ከዚያ የጎረቤቱ ልጅ ተናገረ፦ «በዓይን አይሆንም። ሁሉንም በአንድ ጣሳ እንስፈረው። እኩል ከመጣ ውሃው ያው ነው፤ ዕቃው ነው የተለየው።»

ይታያችሁ! ጄኔቭ ቱሉ ዲምቱ ገባች። በደስታ በሩን ልከፍት ስል የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ደረጃው ላይ አገኙኝና የመዋጮ ነገር ጀመሩ። እሳቸው ደግሞ ከያዙ አይለቁም።

በመጨረሻ ስገባ ወለሉ ኩሬ ሆኗል። ጀሪካኗ በጎኗ ተጋድማለች። ድስቱ፣ ጀበናው፣ ሳፋው፣ ለበዓል ብቻ የሚወጣው ጎድጓዳ ሳህን፣ ውሃ ያልቀመሰ ዕቃ የለም።

«ስድስት ስድስት ጣሳ ደረሰን» ሲል ማሙሽ ሪፖርት አቀረበ።

«ማን አካፍሉ አላችሁ?»

«ሰፈርነው እኮ።» ለካ የተሰፈረ ነገር ይከፈላል። ሚጣ ድርሻዋን አሻንጉሊቷን አጥባበታለች። ማሙሽ ኳሱን። የጎረቤቱ ልጅ የራሱን በሦስት ምልልስ ቤቱ አድርሶ ሳፋችንን መልሷል። ታማኝ ልጅ ነው።

«አንድ ጣሳ ግን ተረፈ» አለች ሚጣ። «ለአንዳችን ብንሰጠው ይበልጥብናል። ደፋነው።»

«የት?»

ሦስቱም በረንዳውን አሳዩኝ።

እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ላይም እንዲሁ ነው። ከ6 እስከ 8 ዓመት የሆናቸው ልጆች ለሁለት ሰው ላጲስ አካፍለው አንድ ሲተርፍ፣ ለአንዱ ከሚጨመርለት ቆሻሻ ውስጥ ይጣል ብለዋል። ማታ ሳነበው ስቄ ነበር። የእነሱ ላጲስ ግን የማንም በርበሬ ላይ አልወደቀም።

የምድር ቤቷ ጎረቤታችን በርበሬያቸውን ሸራ ላይ ዘርግተው ፀሐይ ሲያስመቱ ነው የዋሉት። አራቱንም ፎቅ ወጥተው መጡ። በሁለት ጣታቸው አንድ ዛላ አንጠልጥለዋል። ይንጠባጠባል።

«ማነው ይሄን የደፋው?»

«ተመካክረን ነው» አሉ ሦስቱም ባንድ ድምፅ።

«ተመካከሩ ያላችሁስ ማነው?»

ሦስት ጣት ወደኔ ዞረ።

«አንተ ትልቅ ሰው አይደለህም እንዴ?»

«ይቅርታ እትዬ፣ ለጥናት ነበር» አልኳቸው። ምነው ዝም ባልኩ! ከሰዓቱን ሙሉ ሸራው ዳር ቁጢጥ ብዬ ዛላ ስገለብጥና ሳስነጥስ ዋልኩ።

ባለቤቴ የመጣችው ማታ ነው። ኩሽና ገብታ ወጣች።

«ውሃውስ?»

«ያው ነው እማዬ፣ ዕቃው ነው የተለየው» አለች ሚጣ።

ባለቤቴ ምንም አልተናገረችም። ባዶዋን ጀሪካን አንስታ አስታቀፈችኝ። ሌላ መሄጃ ስላልነበረኝ የጎረቤቱን በር አንኳኳሁ። ልጁ ራሱ ከፈተልኝ።

«የኔ ጌታ፣ ከድርሻህ ሁለት ጣሳ ብቻ ታበድረኛለህ?»

ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ጀሪካኗን አየ፣ እኔን አየ።

«ቆይ፣ ከእማዬ ጋር ተመካክረን እንወስናለን» አለኝና በሩን ዘጋው።