የማሲንቆ ልምምዴ 14ኛ ወር፦ ወደ ስድስት ኪሎና ወደ ብሔራዊ ቴአትር ልንሄድ ነው

እንዴት ሰነበታችሁ? በዚህ ወር አዲስ ዜማ አልያዝኩም። ያው ትዝታን ነው ደጋግሜ የምመታው፣ ባቲንም ትንሽ ትንሽ። ግን እስካሁን እንደዚህኛው ወር ያስተማረኝ የለም። አዲስ አበባ ልንሄድ ነው፣ ለመሄድ ስንዘጋጅ ደግሞ የራሴን መሣሪያ በደንብ አይቼው እንደማላውቅ ገባኝ።

ከዚህ በፊት አንዴ ሄጄ ነበር። ያለ ምንም ዕቅድ ከደብረ ብርሃን ረፋድ ላይ ተነሳሁ። ላምበረት መናኸሪያ ስወርድ ቀኑ ተጋምሷል፣ መሀል ከተማ ስደርስ ለሙዚየም መሽቷል፣ ማታ ቴአትር ቤት ምን እንዳለም አስቀድሜ አልጠየቅኩም። ፒያሳ ቡና ጠጥቼ ተመለስኩ። 130 ኪሎ ሜትር ሄዶ ቡና ብቻ ጠጥቶ መመለስ ያንገበግባል።

አሁን አራት ሆነናል። አንዷ ክራር፣ አንዱ በገና፣ አንዱ ዋሽንት፣ እኔ ማሲንቆ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ቤት ቡና ይፈላል፣ እንለማመዳለን። ጉዞውን ስናወራ መጀመሪያ የተስማማነው የስድስት ኪሎን ሙዚየምና የብሔራዊ ቴአትርን አዳራሽ በአንድ ጉዞ ለማየት ነው። ሙዚየም ውስጥ የተቀመጠ መሣሪያ ዝም ያለ ነው፤ የፈለጋችሁትን ያህል ቆማችሁ ታዩታላችሁ፣ ድምፁን ግን አትሰሙም። አዳራሽ ውስጥ ድምፁን ትሰማላችሁ፣ መሣሪያው ግን ሩቅ ነው፣ ተጫዋቹም ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ የዓይን ጥያቄ ለስድስት ኪሎ፣ የጆሮ ጥያቄ ለብሔራዊ ብለን ከፋፈልነው። እያንዳንዳችን በደብተራችን ሦስት ሦስት ጥያቄ ጻፍን።

ስድስት ኪሎ የምንለው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። ቤቱ ድሮ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ነው ንጉሡ ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት። የንጉሡ መኝታ ክፍል አሁንም እዚያው ይታያል፣ ጓደኞቼ እሱን ለማየት ቸኩለዋል። እኔ የምቸኩለው ባህላዊ የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ጋ ለመድረስ ነው።

የኔ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ደጋኑ ነው። የኔ ደጋን ቀጥ ወደ ማለቱ ያደላል፣ ቫዮሊን የሚጫወት ሰው አይቶ የሠራው ይመስለኛል። የድሮዎቹ ግን እንደ ቀስት የጎበጡ ናቸው። ጉብጠቱ ምን ያህል እንደሆነና ጭራው ምን ያህል እንደተወጠረ ማየት እፈልጋለሁ። ጭራ ሲላላ ድምፁ ይለሰልሳል፣ ሲወጠር ይጮሃል፣ ይህን በእጄ አውቀዋለሁ።

ሁለተኛው ስለ ቆዳው ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የምትለማመዱ ታውቁታላችሁ፤ ክረምት ጭጋጉ ሲገባ ቆዳው ይረግብና ማሲንቆው ጉሮሮው የተዘጋ ሰው ይመስላል። ምድጃ አጠገብ ትንሽ ስታሞቁት ይመለሳል። የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ሲመጣ ደግሞ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቆዳው ከመጠን በላይ ይወጠራል። ባለፈው ዓመት ይህን ሳላውቅ ጥፋቱ የጣቴ መስሎኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስቃኝ ከረምኩ። ስለዚህ ድሮ ቆዳውን በምን እንዳሰሩት፣ በጠፍር ሰፍተውት ይሁን በሌላ፣ በቅርብ ላየው ነው። ስፌቱ የኋላ በኩል ከሆነና ካልታየኝ አስጎብኚውን እጠይቃለሁ።

በገና የሚማረው ልጅ ጥያቄ ግን ከሁላችንም ይበልጣል። የበገናን ድምፅ የሚያስነዝረው በእያንዳንዱ ክር ሥር፣ ክሩና በርኩማው (ክሮቹ የሚያርፉበት እንጨት) በሚገናኙበት ቦታ የሚገባው ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ነው። አሥር ክር ነው፣ አሥር ቁራጭ ማለት ነው። እሱ አንዷን ነካ ባደረገ ቁጥር ድምፁ ይጠፋበታል። እዚያ ያሉት በገናዎች ላይ ቁራጯ የት ጋ እንደተቀመጠች አይቶ ሊሥላት ነው። እርሳስና ደብተር ይዟል፤ ፎቶ ቢከለከል እንኳ መሣል አይከለከልም ብለን እናስባለን።

ብሔራዊ ቴአትርን ሁላችሁም በውጭ ታውቁታላችሁ፣ ፊት ለፊቱ ያ የድንጋይ አንበሳ አለ። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ለሲኒማ ብሎ ጀምሮት የተወው ሕንፃ ነው፤ አልቆ የተከፈተው በ1948 ዓ.ም ለንጉሡ የንግሥ 25ኛ ዓመት ነበር፣ ያኔ ስሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነበር። ለኔ ግን ትልቁ ነገር እዚያ መድረክ ላይ የሆነው ነው። ኔርሲስ ናልባንዲያን የሚባሉ አርመናዊ ሙዚቀኛ በዚያ ቤት ሠርተዋል፣ የኛን ዜማ ለምዕራባውያን መሣሪያዎች አቀናብረዋል። አጎታቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ደግሞ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም ኢየሩሳሌም ላይ አይተው ያስመጧቸውን አርባዎቹን የአርመን ልጆች በሙዚቃ የመሩ ናቸው።

ይህን የማነሳው ከጆሮ ጥያቄዬ ጋር ስለሚገናኝ ነው። የአንቺ ሆዬን ቅኝት በስልኬ መቃኛ እያየሁ ስለማመድ ሁልጊዜ "ተሳስተሻል" ይለኛል፣ መርፌው መሀል ላይ አይቆምም። መምህሬ ሲሰሙት ግን "ትክክል ነው" ይላሉ። ስልኩ የሚለካው በፒያኖ ድምፅ ነው፣ ማሲንቆ ደግሞ ጣት ክሩን ከጎን ነክቶ የሚያወጣው ድምፅ ስለሆነ በፒያኖ ቁልፎች መካከል ሊያርፍ ይችላል። ታዲያ ማሲንቆና ኪቦርድ መድረክ ላይ አብረው ሲጫወቱ ማን ነው ለማን የሚለቀው? ይህን በጆሮዬ መስማት እፈልጋለሁ። ለዚህ ብዬ ድምፅ ማጉያው አጠገብ አልቀመጥም፤ መሀል ረድፍ፣ ወደ ተጫዋቾቹ ወገን።

ፕሮግራሙ ሁሌ አንድ ዓይነት ስላልሆነ የአክስቴ ልጅ ትኬት መሸጫው ድረስ ሄዳ የባህል ሙዚቃ ያለበትን ቀን ጠይቃልናለች። ቅዳሜ ነው። ሙዚየሙን አርብ እናያለን፣ የአንድ ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ። አርብ የምሳ ዕረፍት ስለሚረዝም ከ4 ሰዓት በፊት ግቢው በር ላይ መድረስ አለብን። ከዚህ በጠዋቱ 11 ሰዓት ተኩል እንነሳለን፣ ጫጫን፣ ሸኖን፣ አለልቱን፣ ሰንዳፋን አልፈን ላምበረት፣ ከዚያ በመገናኛ ታክሲ ይዘን ስድስት ኪሎ። መታወቂያ አትርሱ፣ ግቢው በር ላይ ይጠየቃል። ማሲንቆዬን ቤት ትቼው ነው የምሄደው፤ በተጨናነቀ ታክሲ ቆዳው ላይ የሰው ክርን ቢያርፍ አልችለውም።

ባለፈው እሁድ ለመምህሬ ልነግራቸው ቤታቸው ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ማሲንቆአቸውን ራሳቸው ነው የሠሩት። ሰምተውኝ ሲያበቁ ተነሥተው ረጅም ክር አመጡና በራሳቸው ማሲንቆ ላይ ዘርግተው ሁለት ቦታ ቋጠሩት፣ አንዱ ለሳጥኑ ወርድ፣ አንዱ ለአንገቱ ርዝመት።

"ይህን ይዘሽ ሂጂና እዚያ ካለው ጋር አስተያዪልኝ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ መስታወት ውስጥ ከሆነ እኮ አይነካም" አልኳቸው።

"ማን ንኪው አለሽ? መስታወቱ ላይ ዘርጊው። ልኩን ተዪው፣ መስታወት ያሳስታል። አንገቱ የሳጥኑን ስንት እጥፍ እንደሚሆን ብቻ ቁጠሪና ንገሪኝ።"

የሳቸው ሦስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፣ አብረን ቆጠርነው። ቤት ስገባ የኔን ለካሁት፣ ሁለት ተኩል እንኳ አይሞላም። ክሩን ከደብተሬ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።