የፕላታያን የፖለቲካ ታሪክ እንዴት እንደጻፍኩ

ፕላታያ በደቡብ ቦዮቲያ፣ በኪታይሮን ተራራ ግርጌ የነበረች ትንሽ የግሪክ ከተማ-መንግሥት ናት። ታሪኳን በአማርኛ ለመጻፍ የተነሣሁት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ490 በማራቶን ጦርነት ፋርሳውያንን ለመውጋት ከአቴናውያን ጎን የተሰለፈች ብቸኛ ከተማ እርሷ መሆኗን ካወቅኩ በኋላ ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ ከልደት በፊት ናቸው)። የመጀመሪያውን ረቂቅ ያነበቡልኝ የቀድሞ የታሪክ መምህሬ ወረቀቱን ሲመልሱልኝ፣ «ልጄ፣ ይህ የአቴንስና የስፓርታ ታሪክ ነው፤ ፕላታያ የታለች?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ከተማይቱ በጽሑፌ ውስጥ ብቅ የምትለው ሌሎች ሲወርሯት፣ ሲረዷት ወይም ሲያፈርሷት ብቻ ነበር።

ስለዚህ ሥራውን እንደገና ጀምሬ፣ በየምዕራፉ ፕላታያውያን ራሳቸው ምን እንደወሰኑ መጠየቅ ያዝኩ። የቦዮቲያ ኃያል ከተማ ቴብስ እርሷ በምትመራው የቦዮቲያ ከተሞች ኅብረት ሥር ልታስገባቸው ስትጫናቸው በመጀመሪያ የሄዱት ወደ ስፓርታውያን ነበር፤ እነርሱ ግን ሩቅ ነን ብለው ወደ አቴንስ ላኳቸው። የጥንቱ ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደሚለው ምክሩ ለፕላታያ ከማሰብ ሳይሆን አቴንስን ከቦዮቲያውያን ጋር ለማጋጨት የታሰበ ነበር። በ431 የሆነውንም ነገር ቀድሞ «የቴብስ ወረራ» ብዬ አልፌው ነበር። የዘመኑን ጦርነት ታሪክ የጻፈውን አቴናዊ ቱኪዲደስን ረጋ ብዬ ስመረምር፣ ከ300 ጥቂት ለሚበልጡት ቴባውያን በሌሊት በሩን የከፈቱት ናውክሊደስና ተከታዮቹ፣ ማለትም ተቃዋሚዎቻቸውን አጥፍተው ከተማይቱን ለቴብስ ለማስረከብ የፈለጉ ፕላታያውያን መሆናቸውን አገኘሁ። የፖለቲካ ታሪኳ እምብርት ያለው እዚህ የውስጥ መከፋፈል ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

በቁጥር ረገድ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ። ቱኪዲደስ ከተማይቱ በ427 በስፓርታውያን እጅ የወደቀችው ከአቴንስ ጋር ከተባበረች በ93ኛው ዓመት ነው ይላል፤ እኔ በ427 ላይ 93 ደምሬ 520 ጻፍኩ። ተራ ቁጥር ሲሆን የመጀመሪያው ዓመትም ስለሚቆጠር፣ በእርሱ አቆጣጠር ትክክለኛው 519 ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ስፓርታውያንና ተባባሪዎቻቸው ከተማይቱ እስክትወድቅ ድረስ ያካሄዱትን ከበባ ይመለከታል። በከተማይቱ ውስጥ የቀሩት 400 ፕላታያውያን፣ 80 አቴናውያንና እንጀራ የሚጋግሩላቸው 110 ሴቶች ነበሩ። የከበባውን ግንብ ለመሻገር መሰላል ሲሠሩ፣ በግንቡ ላይ ያልተለሰነውን ስፍራ እያዩ የጡቡን ድርድር ቆጠሩ፤ አንዳንዱ ቢሳሳት እንኳ አብዛኛው ትክክለኛውን ስለሚያገኝ ብዙ ሰዎች ደጋግመው ቆጥረው የመሰላሉን ርዝመት ወሰኑ። ከዚያም ዝናብና ነፋስ በበዛበት፣ ጨረቃም በሌለበት የክረምት ሌሊት፣ ጭቃው እንዳያንሸራትታቸው የግራ እግራቸውን ብቻ ተጫምተው ወጡ፤ 212ቱ አቴንስ ደረሱ። እኔ ከ480ው ወንዶች ያመለጡትንና በኋላ የተገደሉትን 200 ፕላታያውያንና 25 አቴናውያን ቀንሼ፣ «43 ሰዎች በረሃብ አለቁ» ብዬ ጽፌ ነበር። ምንጩ ግን የሚለው «ከ200 የማያንሱ» ፕላታያውያን ነው፤ 43 የሚለው ቁጥር የእኔ ፈጠራ ስለነበር ሰረዝኩት። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን አኃዝ ከነአገላለጹ፣ «ያህል»፣ «ከ... የማያንስ» የሚለውን ሳልጥል እገለብጣለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ለከተማይቱ ያደረብኝ ፍቅር ነበር። ፕላታያውያን በ431 በሌሊት ከገቡት መካከል የማረኳቸውን 180 ቴባውያን መግደላቸውን በአንድ ሐረግ ሸፍኜው አልፌ ነበር። ቴባውያን ምርኮኞቹ እንዲመለሱ በመሐላ ቃል ተገብቶልን ነበር ይላሉ፤ ፕላታያውያን ደግሞ መማላቸውን ይክዳሉ። አሁን ሁለቱንም ቃል ጎን ለጎን አስቀምጫለሁ። በ427 የተረፉት ሴቶች ለባርነት መዳረጋቸውን በሰፊው እንደጻፍኩ ሁሉ፣ በ335 ታላቁ እስክንድር ቴብስን ሲያፈርስ ፕላታያውያን ከአጥፊዎቿ ጋር መቆማቸውን፣ የቴብስ ሴቶችና ልጆችም ለባርነት መሸጣቸውን በዚያው ስፋት ጽፌ ሥራውን በዚያ ገጽ ዘጋሁ።